ሳይወለድ የሞተው ምንጬ

ተማሪ ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡኝ፤ እኔም ተማሪ ነበርሁ። እናንተም ብትሆኑ ገልጣችሁት የማታውቁትን መጽሐፍ አንድ ቀን ሳትጠቅሱ አልቀራችሁም። እኔ ግን ባሰብኝ... ሰው ገደልሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ኮሌጅ የገባሁ ሰሞን የድርሰት አስተማሪያችን መምህር ታደለ ይባሉ ነበር። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ሳቃቸውን የሚደብቁ ቀጭን ሰው ናቸው። «ስለ ጣና ሦስት ገጽ ጻፉ። መጀመሪያ የምትከራከሩለትን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፤ ከዚያ ምንጭ ጥቀሱ» አሉን።

ሁለት ቀን ሙሉ አምጬ «ጣና በጣም ትልቅ ሐይቅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዤ ቀረብሁ።

«ትንሽ ነው ያለሽ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትከራከሪው?»

ተመልሼ «ለጣና ከሞተር ጀልባ የደንገል ታንኳ ይሻላል» ብዬ ጻፍሁ። ፊታቸው በራ። «ይኸ ጠብ ያስነሳል፤ ጥሩ ነው! አሁን ማን እንደነገረሽ ጻፊ።»

ማንም አልነገረኝም! ስለዚህ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። እዚያ ጋሽ ሰይድ አሉ፤ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ፣ በዚያው ታንኳ ከዘጌ እንጨት እያመጡ ከተማ የሚሸጡ ሽማግሌ።

«ሞተር ከተበላሸ ብረት ነው» አሉኝ። «ታንኳ ውኃ ቢሞላውም አይሰምጥም። መለዋወጫውም እዚሁ ሐይቁ ዳር ይበቅላል።»

ደስ ብሎኝ እርሳሴን አወጣሁ። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ስሜን ምን ልታደርጊው?»

«ምንጭ ላደርግዎ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ይኸን የሚያህል ሐይቅ አጠገብ ቆመሽ ምንጭ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ስሜን እንዳትጽፊ። ዛሬ ስሙ ወረቀት ላይ የወጣ ሰው ቀበሌ ነው የሚጠራው።»

እውነታቸውን ነው። በዚያን ጊዜ የሰው ስም ሲጻፍ ለደግ አልነበረም። እኔም ማደሪያዬ ገብቼ አንድ ሰው ፈጠርሁ፦ «ዶክተር አንለይ ዘገየ፣ የጣና ማጓጓዣዎች፣ ገጽ አርባ ሁለት።» ገጹ እንኳ አልቀረኝም!

መከራዬ ድርሰቱ መወደዱ ነው። በውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ እንዳነበው ተመረጥሁ። አነበብሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ይኼኔ የክበቡ ኃላፊ ብድግ አለ።

«ጓዲት፣ ይህ ዶክተር የት ነው የሚሠራው? ጋብዘን እናነጋግረው።»

መምህር ታደለ ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል። «እ... የለም» አልሁ።

«የት ሄደ? ውጭ አገር ኮበለለ?»

ኮብላይ በዚያን ጊዜ «ፀረ አብዮት» እንደሚባል ታውቃላችሁ። ኮብላይን የጠቀሰች ምን እንደምትባል ለማወቅ ግን አልቸኮልሁም። «ኧረ ሞቷል!» ብዬ ጮህሁ።

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «ለጓድ ዶክተር አንለይ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት!»

አዳራሽ ሙሉ ሰው ተነሥቶ ቆመ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ለራሴ ነው እንጂ ለዶክተሩ አልነበረም።

ስንወጣ መምህር ታደለ ጠጋ አሉኝ። «ነፍስ ይማር። ለመሆኑ የት ተቀበሩ?»

ሁሉን ዘረገፍሁት። ከኮሌጅ ተባረርሁ ስል፣ «ነይ፣ ወደ ሐይቁ እንውረድ» አሉኝ።

ጋሽ ሰይድ ደንገል እያሰሩ ነበር። መምህሬ ድርሰቱን አነበቡላቸው። ሽማግሌው በየመስመሩ «ልክ! ልክ!» ይላሉ... የዶክተሩ ስም እስኪመጣ ድረስ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«የፈጠርሁት ሰው ነው፤ ስምዎን እንዳልጽፍ ስላሉኝ...»

ገመዱን ጣሉት። «አትጻፊ አልሁ እንጂ ለሌላ ስጪልኝ አልሁ? እጄ እየተላጠ የተማርሁትን ታንኳ ረግጦ ለማያውቅ ዶክተር?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እስከዚያች ቀን ምንጭ የሚጠቀሰው መምህር ለማስደሰት ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሰው ላብ ኖሯል!

«ስምዎን ሳትገልጽ ‹አንድ የታንኳ ባለሙያ እንደነገሩኝ› ብትልስ?» አሉ መምህር ታደለ በለሰለሰ ድምፅ።

«የለም! ቀበሌም ይጥራኝ! ጻፊ፦ ሰይድ አሊ። ግን እኔን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እሱንም ጻፊ።»

«አባትዎንስ ማን አስተማራቸው?» አሉ መምህሬ። ምነው ባልጠየቁ! ጋሽ ሰይድ አያታቸውን፣ የአያታቸውን ወንድም፣ ጉማሬ ከነታንኳቸው የገለበጣቸውን አጎት... እየጠሩ ያስጽፉኝ ጀመር። እርሳሴ ዶለዶመ።

ድርሰቱን እንደገና ጽፌ ሰጠሁ፤ ሦስት ገጽ ድርሰት፣ ሁለት ገጽ ምንጭ። ደግነቱ ቀበሌም ማንንም አልጠራም። በሳምንቱ ወረቀቴ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦

«ሐሳብሽ ጠንካራ ነው። ምንጮችሽ ግን ሁሉም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ለወደፊቱ ቢያንስ አንድ ጎረቤት ጨምሪበት።»