ስለ በሩ ወንበርና ስለ አዲሶቹ ቀስቶች የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9 ቀን፤ በማናቱራ ደሴት አየር ማረፊያ፣ ከሻንጣ ሚዛኑ ጀርባ ባለችው ክፍል። ስብሰባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦ አቶ ንጋቶኮ (ሰብሳቢ)፣ ዲያቆን ማካ፣ ወይዘሮ ቱሪና (የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት)፣ ፓኦ (ሻንጣ መዛኝና ጸሐፊ)።

ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው በመሆኑ አንድ ጎደለ። በዚሁ መሃል ሻንጣ የያዙ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ በሩን ከፍተው መሳፈሪያው በዚህ ይሆን ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ገብተው እንዲቀመጡ ጋበዟቸው፤ ተቀመጡም። ስማቸው አቶ ኮሊን ሲሆን የዛሬ አምስተኛ አባል ተብለው ተመዘገቡ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ ጸሎት። ዲያቆን ማካ ሃያ ደቂቃ ጸለዩ። ወይዘሮ ቱሪና፣ እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል አሉ። ይህ እንዳይመዘገብ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ቀስቶቹ። መንገደኛ እንዳይጠፋ ባለፈው ሳምንት አቅጣጫ የሚያሳዩ ቀስቶች ተሰቅለዋል። በእኛ አገር ግራና ቀኝ የሚል ሰው ስለሌለ፣ ቀለም ቀቢው እንደ ወጉ «ተሳፋሪ ወደ ባሕር፣ ደራሽ ወደ ተራራ» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ቱሪና ቅዳሜ ዕለት ሁለት ሙሽሮች ሻንጣቸውን ተሸክመው ባሕር ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው መገኘታቸውን አስረዱ። ሰብሳቢው ቀስቱ ምንም አላጠፋም፣ ባሕሩ ነው ቀረብ ያለው ሲሉ መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ባሕሩ ዳር «አልፈዋል፣ ይመለሱ» የሚል ሌላ ቀስት እንዲተከል ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ እማማ ቴሬ ወንበር። እማማ ቴሬ ሃያ ሁለት ዓመት በሩ ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን በዚህ ግቡ፣ በዚያ ውጡ ሲሉ፣ ለሚሄደውም ሁሉ የዛጎል ሐብል ሲያጠልቁ ኖረዋል። ሰብሳቢው፣ ቀስት ባለበት አሮጊት አያስፈልግም፤ ሥልጣኔ ማለት ሰው ሰውን ሳይጠይቅ ሲሄድ ነው አሉ። ጸሐፊው እማማ ቴሬ የእናቱ እኅት መሆናቸውን አስታውቆ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ የሚያናግራቸው ሰው እንደሌለ፣ ከዚያ ወንበር ከተነሡ የሚሄዱበት እንደሌላቸው ተናገረ። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ሁለት ይነሣ፣ ሁለት ይቆይ። አቶ ኮሊን አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ለመጠየቅ እጃቸውን አወጡ። በሦስት ድምፅ ወንበሩ እንዲነሣ ተወሰነ።

የአውሮፕላኑ ሞተር ተሰማ። እማማ ቴሬ አንድ ሐብል ይዘው ሳያንኳኩ ገቡ።

«አሥራ አራት ነበሩ፤ ለአሥራ ሦስቱ አጠለቅሁ። አንዱን የት አደረሳችሁት?»

አቶ ኮሊን እዚህ የተቀመጡት የጉዞው ሥርዓት መስሏቸው እንደሆነ ገለጹ። እማማ ቴሬ ሐብሉን አጥልቀውላቸው፣ ሻንጣውን በአንድ እጅ፣ ሰውዬውን በሌላው ያዙ። ሰብሳቢው ስለ ወንበሩ የተላለፈ ውሳኔ እንዳለ ሊያስታውቋቸው ሞከሩ።

«በኋላ ትነግረኛለህ፣ ልጄ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

ወጡ። አውሮፕላኑም ተነሣ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ። ወይዘሮ ቱሪና በደንባችን መሠረት አምስቱም አባላት ያልፈረሙበት ውሳኔ ውሳኔ አለመሆኑን አስታወሱ። ዲያቆን ማካ በመስኮት ወደ ላይ አይተው፣ አምስተኛው አባል ከእንግዲህ አይፈርሙም አሉ። ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ጸሎቱ ሲቀር፣ እንዲሻር ተወሰነ። ለአራት ሰው ይህን መወሰን ይቻላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰብሳቢው ስብሰባውን ዘጉ።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ተበተንን። ስንወጣ ወንበሩ በሩ ላይ ነበር፤ እማማ ቴሬም ተቀምጠውበት ለሚቀጥለው በረራ ዛጎል ይሰኩ ነበር። ሰብሳቢው «ደህና ዋሉ» ብለዋቸው አለፉ። እማማ ቴሬም ውሳኔው ምን ነበር ብለው አልጠየቁም።

ጸሐፊ፦ ፓኦ