ዘጠና ስድስት ነጥብ የሰጠኋት መኪና

መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር ወሰን የለውም። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ስለ ትዳር አጥብቆ የሚመክራችሁ ላጤው ነው፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ያልወለደው ነው፤ የጾምን ጥቅም የሚተነትንላችሁም ምሳውን በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ነው። ባለቤቱማ ምን ጊዜ አለው? ባለ መኪናው ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። እናም ዕውቀቱ ሁሉ እኛ እግረኞች ዘንድ ተከማችቶ ቀረ።

እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ሥራዬ ሰመራ፣ ቤቴ ሎጊያ ነው፤ በሁለቱ መካከል የምመላለሰው በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ነው። ነገር ግን እሑድ እሑድ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ስትነዳ፣ ማራገቢያ ሥር ተጋድሜ በስልኬ የመኪና ግምገማ አያለሁ። አንድ ፈረንጅ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል፣ «ይህ ድምፅ የጥራት ድምፅ ነው» ይላል። እኔም ተኝቼ «ነው» እላለሁ። በዚህ መንገድ ተመረቅሁ።

የሥራ ልምዱም አለኝ። በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ አፈጻጸም ምዘና ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ። ከዘጠና በታች ሰጥቼ አላውቅም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሰባ የሰጠሁትን ሰው በማግስቱ ሻይ ቤት አገኘዋለሁ፣ ሻይዬንም ይዞ የሚመጣው የእሱ ወንድም ሊሆን ይችላል። መቶም ሰጥቼ አላውቅም፤ መቶ የሰጡት ሰው ዕድገት ይጠይቃል። ዘጠና ስድስት ግን የሰላም ቁጥር ነው። ማንም አይቀየምበትም፣ ማንም አይቀናበትም።

ታዲያ የቤት አከራዬ ሐጂ ሙሄ የቤተሰብ መኪና ሊገዙ ሲነሡ ማንን አማከሩ? እኔን። ደስታዬን በፊቴ አላሳየሁም፤ ባለሙያ አያሳይም።

ሐጂ ወሎዬ ናቸው። ሎጊያ ላይ የዘይትና የዱቄት መደብር ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አፋርኛውን ከአማርኛው እኩል ይናገሩታል። በየዓመቱ ለአረፋ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘሃራን፣ አራት ልጆቻቸውንና የወይዘሮ ዘሃራን እናት እማማ ከድጃን ይዘው ኮምቦልቻ ይወጣሉ። ይወጡ ነበር ልበል እንጂ። ላለፉት ሦስት አረፋዎች እማማ ከድጃ ቀርተዋል። ጉልበታቸው እንቢ ብሏቸዋል፤ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ጋቢ ታጥፈው መሄድ አይችሉም። የተወለዱበትን መንደር ሳያዩ፣ እህቶቻቸውን ሳይስሙ ሦስት በዓል በስልክ አለፈ። ዘንድሮ ወይዘሮ ዘሃራ አንድ ቀን ምሳ አቅርባ ቁጭ አለችና ቃሏን ሰጠች።

«እናቴ ካልሄደች እኔም አልሄድም። ልጆቹን ይዘህ ሂድና ብቻህን እረድ።»

ሐጂ የመደብሩን ዕቃ የሚያመላልሱባትን የጭነት መኪና ሸጡ። ልብ በሉ፤ መኪና ሸጦ መኪና መግዛት ቀላል ይመስላል። ግን የሸጧት እንጀራቸው ናት፤ የሚገዟት የበዓል ልብስ። የምትገዛው መኪና መንገድ ላይ ከቀረች አረፋውም ቀረ፣ መደብሩም ከሰው መኪና ደጅ ጠኚ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አደራ የተሸከመው የእኔ ቅጽ ነበር። አርባ መመዘኛ ነጥቦች፣ በሁለት ገጽ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ።

ልንነሣ ስንል ወይዘሮ ዘሃራ ለሐጂ ሦስት ቦታ የተቋጠረ ሲባጎ ሰጠቻቸው። «አንደኛው ቋጠሮ ከእናቴ ወገብ እስከ ጉልበቷ፣ ሁለተኛው ከጉልበቷ እስከ እግሯ ነው» አለች። «ሦስተኛው፣ እግሯን ማንሣት የምትችለው እስከዚያ ድረስ ነው። ለክቼዋለሁ።» ሐጂ ሲባጎውን ኪሳቸው ከተቱ። እኔ በውስጤ ፈገግ አልሁ። ሳይንስ ባለበት ሲባጎ ምን ያደርጋል?

መኪናዋን የሚያሻሽጠው ደላላ ቴዲ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እሱ ከላይ፣ እኛ ከታች መጥተን አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ሆቴል ግቢ ውስጥ ተገናኘን። መኪናዋ ከኒም ዛፍ ሥር ቆማለች። ስሟን አልጠራም፤ በነጻ ማስተዋወቅም ማስቀየምም አልፈልግም። መካከለኛ ቁመና፣ ዕንቁ የመሰለ ነጭ፣ ባለ ሰባት ወንበር፣ ቅንጡ። ዙሪያዋን የቆሙት ባለ ተሳቢ መኪኖች አቧራቸውን ለብሰው ሲያዩዋት፣ ቀበሌ አዳራሽ የገባች ሙሽራ ትመስል ነበር።

«አባቴ» አለ ቴዲ የሐጂን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ይቺ መኪና በረሃ ስታይ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። የያዘቻት ሴት ሐኪም ናት። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። የኋላው ወንበር ሰው አልተቀመጠበትም።»

እኔ ቅጼን አወጣሁ። በር ከፈትሁ፣ በር ዘጋሁ። «ይህ ድምፅ የጥራት ድምፅ ነው» አልሁ። ቴዲ በአክብሮት አየኝ። ጣሪያዋ ይከፈታል፤ እርግጥ ሎጊያ ላይ ፀሐይን በጣሪያ በኩል ላስገባ የሚል ሰው ካለ ዘመድ ቢያማክር ይሻለዋል፤ ቢሆንም ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ማቀዝቀዣዋ በአራት ቀጠና የተከፈለ ነው፤ ሾፌሩ ደጋ፣ ጎኑ ያለው ወይና ደጋ፣ ከኋላ ያሉት እንደ ፈቃዳቸው ቆላም በረሃም መሆን ይችላሉ። ሙሉ ነጥብ። ወንበሯ ማሞቂያ አለው።

«ይሄን ማጥፋት ይቻላል?» አሉ ሐጂ።

ይቻላል። ሙሉ ነጥብ።

በግራ በኩል፣ ከመስታወቷ ዝቅ ብሎ ቀጠን ያለ ጠማማ ጭረት አየሁ። ቴዲ «የፋብሪካ ዲዛይን ነው፤ በውሱን ቁጥር ነው የወጣው» አለኝ። እኔም በተራ ቁጥር ሃያ ሦስት «ውጫዊ ጌጥ» ብዬ መዘገብሁ። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ነካው፤ «ለወጣቶች ምቹ» አልሁ። የመኪናዋ ባለቤት ወኪል አጠገቤ ቆሞ እንዴት ዝቅ አድርጌ ልስጥ? ደምሬ ፈረምሁ። ዘጠና ስድስት። «መሻሻል ያለበት» በሚለው ሣጥን ውስጥ እንደ ልማዴ «በጀመረችው ትቀጥል» ብዬ ጻፍሁ።

ሐጂ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆዩና ሲባጎውን አወጡ። ሦስተኛው ረድፍ ወደቀ። መካከለኛው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ፣ ሁለቱንም ቋጠሮ አለፈ፤ እንዲያውም ተረፈው። መወጣጫዋ ግን ከሦስተኛው ቋጠሮ በአራት ጣት በለጠ። እኔ በአርባ ነጥብ ያላገኘሁትን ነገር ሲባጎው በሦስት ቋጠሮ አገኘው። ሐጂ ወደ ጎዳናው ሄዱና ከጎረቤት ሻይ ቤት አንዲት አጭር መቀመጫ ዱካ ገዝተው ተመለሱ። መወጣጫዋ ሥር አስቀምጠው ለኩ። ልክ ሆነ። ዱካዋን ከኋላ ጫኗት፤ ቅንጡ ቆዳ ከለበሰ ወንበር ጀርባ፣ የሻይ ቤት ዱካ።

«አሁን እንንዳት» አሉ። «በገዋኔ በኩል።»

«በመተሐራ በኩል አይሻልም አባቴ?» አለ ቴዲ ፈጠን ብሎ። «ነፋሻ ነው።»

«እኔ የምኖረው በዚህ በኩል ነው።»

አዋሽ አርባን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አንድ የአፋር ሽማግሌ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድመው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሐጂ አቆሙ፤ ሐጂ ሽማግሌ አልፈው ሄደው አያውቁም። ሽማግሌው ግን አልገቡም። መኪናዋን ዞሯት። ጭረቱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበትና ፊታቸው በራ።

«ዳነች እንዴ?» አሉ።

ቴዲ ስልኩን አወጣ። እዚያ ቦታ ላይ ኔትወርክ የለም፤ እሱ ግን አጥብቆ ያነብ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነው ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ጋር፣ ወይም ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ፣ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው የሌላው ይሆናል። የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ማን በዚህ አለፈ። ዳጉ ውስጥ ውሸት ያስገባ ሰው ሁለተኛ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ማንም አያስገባም። ሽማግሌው፣ ስማቸው ሁመድ ነው፣ ከግራር ጥላ ሥር ከሐጂ ጋር ተቀመጡ። እኔ መኪናው ውስጥ ወይና ደጋዬን ይዤ፣ ቴዲም ስልኩን እያነበበ፣ ጠበቅን። ጠበቅን። ዳጉ በችኮላ የለም።

ሐጂ ሁመድን ከኋላ አሳፍረው ገቡና አንድ በአንድ ነገሩን። መኪናዋ ባለፈው የሙቀት ወራት ከገዋኔ ወዲህ ጭንቅላቷ ጨሶ ሦስት ቀን ቆማ ነበር። ውስጧ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ነበሩ፤ ሐኪም ይሁኑ አይሁኑ ሁመድ አልጠየቁም፤ ወተትና ውሃ ግን ሰጥተዋል። ባልየው አውቶቡስ ይዞ ሎጊያ ሄደ፤ አዲስ ራዲያተርና መካኒክ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያቺው መኪና አራት ጊዜ ወደ ላይ፣ አራት ጊዜ ወደ ታች ስታልፍ ታይታለች፤ አንዴም አልቆመችም፤ አንደኛው እኩለ ቀን ላይ ነበር።

«ጭረቱስ?» አልሁ ቅጼን እንደያዝሁ።

«የሁመድ ፍየል ናት። በቀንዷ።»

ተራ ቁጥር ሃያ ሦስትን ቀስ ብዬ ሰረዝሁት። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለችው ደላላ ስለነበራት ነው እንዴ አልሁ በሆዴ።

ሐጂ ሎጊያ ያለውን መካኒክ ያውቁት ኖሯል፤ ኔትወርክ ያለበት ስንደርስ ደወሉለት። «የኔ እጅ ሥራ ናት ሐጂ፤ ወላሂ እንደ እህቴ ነው የሠራኋት» አላቸው። ያን ጊዜ ወደ ቴዲ ዞሩ። እኔ ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቀበቶዬንም አጠበቅሁ።

«ልጄ፣ ለምን ዋሸኸኝ?»

ቴዲ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አየ። «አባቴ» አለ በመጨረሻ፣ «በረሃ የዋለችን መኪና ማን ይገዛል?»

«በረሃ የሚኖር ሰው» አሉ ሐጂ።

እስቲ አስቡት። ቴዲ ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክሞት የመጣው ውሸት፣ ለእኛ የመኪናዋን ብቸኛ ምስክር ወረቀት ነበር የደበቀው። ከቤት ሥራ ብቻ የምትመላለስ መኪና ሎጊያ ላይ ምን ታደርጋለች? እኛ የምንፈልገው ታማ የዳነችውን፣ እኩለ ቀንን ያለፈችውን፣ ሕፃናትን ሸክፋ የተጓዘችውን ነው። እውነቱን ቢናገር ኖሮ ሳንከራከር እንገዛት ነበር። ስለዋሸ ግን ዋጋው ላይ አፉን የሚከፍትበት ፊት አጣ፤ ሐጂ ያሉትን ተቀበለ። ውል ተዋዋልን። ሁመድንም ገዋኔ ድረስ በደጋ ቀጠና አደረስናቸው።

ድል ማለት ይህ ነው። እኔም ድርሻዬን አልክድም፤ ያለ እኔ ቅጽ ዘጠና ስድስት የሚባል ቁጥር ከየት ይመጣ ነበር?

ወደ ቤት ስንመለስ አዳይቱ ላይ ውሃ ልንጠጣ ቆምን። የማላውቀው የአፋር ጎልማሳ መጥቶ ሐጂን ጨበጣቸው፤ መኪናዋን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

«የፍየሏን ቀንድ ጌጥ ብሎ የጻፈው አንተ ነህ?»

እኛ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጣን፤ ዳጉ ግን ቀድሞን ደርሷል። ደንግጬ «ስለ እኔ ምን ተባለ?» አልሁት። ሰውየው ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረኝ። «ወረቀት ያለው ሰው ነው፤ ብዙ ያወራል፤ ክፋት የለውም፤ ዘጠና ስድስት ይሰጣል።» በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስለ እኔ የተሰጠ ከዚህ የጠራ ምዘና አላየሁም። ውሸት እንደማይገባበት አውቃለሁና ተቀበልሁ። እስከ ዛሬ ሎጊያ ውስጥ «ዘጠና ስድስት» ብለው ይጠሩኛል። ከማዕረግ እቆጥረዋለሁ።

የአረፋ ዋዜማ ጠዋት መኪናዋ በራችን ላይ ቆመች። ልጆቹ ሦስተኛው ረድፍ ለመግባት ተጋፉ፤ «ለወጣቶች ምቹ» ያልሁት እውነት ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮ ዘሃራ ዱካዋን ከመወጣጫው ሥር አኖረች። እማማ ከድጃ ሦስት አረፋ የናፈቁትን መንገድ ቆመው አዩት፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ዱካዋ ላይ ወጡ፣ ከዱካዋ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ወንበሩ። እግራቸውን ዘረጉ። ከፊታቸው አንድ ጭብጥ ያህል ቦታ ተረፈ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይጠብቅ ነበር።

«ዘሃራ» አሉ፣ «ይሄ ወንበር ሰው ቤት ካለው አልጋ ይሻላል። በሉ ንዱ፣ እህቶቼ ምሳ አቅርበው ይጠብቁኛል።»

ወይዘሮ ዘሃራ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፤ ፀሐይዋ ነው አለች። ወንበሮቹ ሰባት፣ ሰዎቹም ሰባት ናቸውና ገምጋሚው በር ላይ ቀረሁ። መኪናዋ ወደ ሚሌ አቅጣጫ እስክትሰወር እጄን አውለበለብሁ፤ ከዚያ ቤት ገብቼ ማራገቢያውን ከፈትሁና ቅጹን አውጥቼ አስተካከልሁ።

ዘጠና ሰባት። አንዱ የዱካዋ ነው።