ምትኬ ጠፍቷል

በየሰፈሩ ‹‹ለማንኛውም›› የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጃንጥላ ይዞ የሚወጣው፣ በሩን ቆልፎ ከመንገድ ተመልሶ የሚነቀንቀው፣ መታወቂያውን ኮፒ አስደርጎ የኮፒውን ኮፒ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። አገር በጀግና የቆመ ይመስለናል እንጂ የቆመው በእንዲህ ያለ ፈሪ ነው። በኮልፌ ይህን ማዕረግ የያዘው አቶ ምትኬ ይገዙ ይባላል። ሲያናድዳት ‹‹ክቡርነታቸው›› የምትለው ሚስቱ ራኬብ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች።

ነገሩን ያየችው ገና በሠርጓ ቀን ነው። አንደኛ ሚዜ አለ፣ ሁለተኛ ሚዜ አለ፤ ከኋላቸው ደግሞ ሱፉን ግጥም አድርጎ የለበሰ፣ ማንም ምንም ያላዘዘው ሰው ተቀምጧል።

‹‹ይሄ ደግሞ ማነው?›› አለች ራኬብ ቬሏን ገለጥ አድርጋ።

‹‹ተጠባባቂ ሚዜ ነው። ለማንኛውም ብዬ ነው።››

‹‹ተጠባባቂ ሙሽራስ አስቀምጠሃል?››

ደንግጦ አያት። ይህን እንዳላሰበበት ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ፍርሃቱ ግን ከመሬት የመጣ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ስሙ አለ። እናቱ እማማ ወለተጻድቅ የመጀመሪያ ልጃቸው ማርቆስ በአራት ዓመቱ ሞተባቸውና ቀጥሎ የተወለደውን ‹‹ምትኬ›› አሉት። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ያደገ ሰው፣ ያለው ሁሉ ሊጠፋ እንደሚችል በልጅነቱ ይገባዋል።

ማርቆስ የተነሳው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር። ምትኬ ስካን አድርጎ ቤት ያለው ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጠው፤ ዓመት ሳይሞላ ወረቀቱ ጣሪያው ባፈሰሰው ውሃ ረጥቦ ነጭ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የልጁ ፊት ያለው ሳሎን ጥግ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። እማማ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያስከፍቱትና ትንሽ አይተውት ‹‹በቃ ዝጋው፣ ይረፍ›› ይላሉ።

ፍላሽ ላይስ ገልብጦት ነበር፤ ሦስት ጊዜ። አንዱን ቫይረስ በላው። ሁለተኛው ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳለ ታጠበ። ሦስተኛውን ደህና ቦታ አስቀምጦታል፤ ደህና ቦታው የት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለዚህ የሰው እጅ አይታመንም፣ በየቀኑ ራሱ የሚገለብጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል ብሎ ቆረጠ። እዚህ ድረስ ራኬብም ተስማምታለች።

መምረጡ ሰባት ወር ፈጀ። ደብተር አውጥቶ አሥራ አንድ ፕሮግራሞች ጻፈ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ደግሞ የሚያስፈራውን ነገር። አንዱ ፋይሉን በኢንተርኔት ሌላ አገር ወስዶ ያስቀምጣል፤ ‹‹ኢንተርኔት የተዘጋ ዕለትስ?›› አንዱ እዚሁ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለብጣል፤ ‹‹ሌባ ሁለቱንም ጠራርጎ ቢወስድስ?›› አንዱ በነጻ ነው፤ ‹‹በነጻ የሚያድር ዘበኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?›› አንዱ ደግሞ እዚህ በስህተት የተሰረዘውን እዚያም ይሰርዛል። የዚህን ስም እንደጻፈ ደብተሩን ዘግቶ ውሃ ጠጣ። ራኬብ አምስተኛው ላይ መስማት አቁማለች። ጦር ኃይሎች ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግነው ቀጄላ ብቻ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና ‹‹ጋሼ፣ ከአሥራ አንዱ የትኛውም ከምንም ይሻላል›› አለው። ምትኬ ይህንንም ጻፈው።

ሐምሌ ላይ ኮምፒውተሩ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ቀጄላ ድምፁን በስልክ ሰምቶ ‹‹ዲስኩ ሊሞት ነው፣ ዛሬ ነገ አይበሉ›› ሲለው ምትኬ ደብተሩን አወጣ። ያንኑ ዕለት ሰባተኛውን ፕሮግራም ጫነ። የመረጠው አማርኛ ስለሚችል ነው፤ የሚገለብጠውን ቅጂም ‹‹ምትኬ›› ብሎ ይጠራዋል።

‹‹ስሜን ከየት አገኙት?›› አለ ፈራ ተባ እያለ።

ራኬብ የሚሰፋ ልብስ ይዛ ስለነበር ቀና ሳትል ‹‹እሰይ›› አለችው።

የሚገለብጥበት አዲስ ዲስክ ስላልነበረው ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጦር ኃይሎች ወጣ። ካጠፋው ላይነሳ ይችላል ብሎ ኮምፒውተሩን እንደበራ ተወው። ዝናቡ ተከትሎት ወረደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከሳሎን ጩኸት ተሰማ።

‹‹ልጄን! ምትኬን! ኧረ የሰው ያለህ!››

ራኬብ መቀሷን እንደያዘች ሮጠች። እማማ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ከቆጠሩ ጀምሮ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር ጮክ ብለው የሚያነቡ ሴት ናቸው። አሁን ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነው። በቀይ ተጽፏል፦ ‹‹ምትኬ ጠፍቷል።››

‹‹እማማ፣ ፕሮግራሙ ነው! ገና አልበራም ማለቱ ነው።››

‹‹ስሙን ጠርቶ ነው የነገረኝ! የት አለ ልጄ? አምጪልኝ!››

ራኬብ ሳቋ መጣ። ድምፁን ላሰማዎት ብላ ደወለችለት። ስልኩ ዝግ ነው። ለማንኛውም ብሎ የሚይዘው ሁለተኛ ስልክ አለ፤ እሱም ዝግ ነው። ሁለቱም ተዘግተው አያውቁም ነበር። ቀጄላ ጋ ደወለች።

‹‹ጋሼ? ዲስኩን ይዘው ከወጡ እኮ ሁለት ሰዓት ሊሆናቸው ነው›› አላት።

ሳቋ እዚያው ቀረ። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች፤ ኮምፒውተር ስለ ሰው መጥፋት አይናገርም። ግን ዞር ባለች ቁጥር ቀዩ ጽሑፍ እዚያው ነው። ክዳን የሌለው ቱቦ ታያት፣ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ታያት። ጩኸቱን ሰምተው ዱላ ይዘው የገቡትን ጎረቤታቸውን ጋሽ ወዬሳን ‹‹እማማ ጋ ይቀመጡልኝ›› አለችና ጃንጥላ አንስታ ወጣች። ከደጅ ተመልሳ ሁለተኛ ጃንጥላ ያዘች። በሩን ከዘጋች በኋላም ነቀነቀችው።

ጦር ኃይሎች ፌርማታው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ኮቱን ደረቱ ላይ ጨብጦ ቆሞ አገኘችው።

‹‹ምን ሆነህ ነው!››

‹‹ታክሲዎቹን ሁሉ አሳለፍኳቸው፤ ጎማቸው ያለቀ ነው። በዚህ ዝናብ የማርቆስን ፎቶ የምገለብጥበትን ዲስክ ይዤ...››

‹‹ስልክህስ?››

‹‹ውሃ እንዳይገባባቸው አጥፍቼ ላስቲክ ውስጥ ከተትኳቸው።››

‹‹ሁለቱንም?››

‹‹ለማንኛውም ብዬ...››

በጃንጥላው ትከሻውን መታችው። ከዚያ በሰው መሃል እጁን ያዘችና ቤት እስኪደርሱ አልለቀቀችውም።

እማማ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱት።

‹‹የማርቆስን ፎቶ ላድን ብዬ ነው፣ እማዬ›› አለ።

‹‹ማርቆስ ቢሄድብኝ አንተን ሰጠኝ›› አሉት። ‹‹አንተ ብትሄድብኝ ማንን ምትኬ ልበል?››

ምትኬ ሰባት ወር ሙሉ ሲጽፍ ይህን ፍርሃት ደብተሩ ላይ አላሰፈረም። አዲሱን ዲስክ ሰካ። አሮጌው ዲስክ ጠቅ፣ ጠቅ አለ፤ አራቱም፣ ጋሽ ወዬሳም ጭምር፣ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ቀዩ ጽሑፍ አረንጓዴ ሆነ። እማማ ተጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፦

‹‹ም...ት...ኬ... በር...ቷል።›› ቀና አሉ። ‹‹እሰይ! ይብራልኝ!››

ራኬብ ወንበር ስባ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

‹‹እማማ፣ እስቲ ለማንኛውም አንዴ ይድገሙት›› አለች።