ኮሎኔል ታኬት ያልተቀበሉት ድምፅ

ኮሎኔል የሌለበት የሚዙሪ መንደር ካያችሁ፣ ገና ሰው አልሰፈረበትም ማለት ነው። የእኛው፣ ክቡር ኮሎኔል ሊያንደር ታኬት፣ የሚሊሻችን አዛዥና የምክር ቤት ዘላለማዊ ተወዳዳሪ ናቸው። "ለዚህ አገር ደሜን አፍስሻለሁ!" ይላሉ። እኔ ያየሁት ደማቸው ጢማቸውን ሲላጩ የፈሰሰው ብቻ ነው።

በልምምድ ቀን ግማሹ ሰልፈኛ ጠመንጃ ስለሌለው የበቆሎ አገዳ ይሸከማል፤ እሳቸው ግን ባለ ላባ ቆባቸውን ደፍተው "ወደ ግራ!" ሲሉ ሰልፉ ወንዝ ይገባል። ባሌ ኦቤድም በሳቸው አዛዥነት ዘምቶ አልተመለሰም። "እንደ አንበሳ ተዋግቶ ወደቀ፣ እትዬ ኬዚያ!" እያሉ በየምርጫው ሰበኩበት። እኔም በዚያው ተጽናንቼ ኖርኩ።

ምርጫው የሚካሄደው እኔ መጠጥ ቤት ነው። መራጩ ዳኛው ፊት ቆሞ የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። ዘንድሮ ኮሎኔሉና ጠበቃ ስካግስ እኩል ወጡ። እኩል ሲሆን የሚለየው የዳኛው ድምፅ ነው፤ ዳኛው ደግሞ የስካግስ አማች ናቸው።

"የቀረ ሰው አለ?" አሉ ዳኛው።

"ኮሎኔል ታኬት" አለ አንድ ጎርናና ድምፅ ከበሩ በኩል።

ዞር አልን። በሩ ዝግ ነው፤ ሰው የለም። ወለሉ ላይ ግን ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ የረግረግ ጭቃ ይሸታል።

"ማ... ማነህ? ስምህን ተናገር!" አሉ ዳኛው።

"ኦቤድ ፕሩዊት።"

ክው አልኩ። የባሌን ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ! ስካግስ ጠረጴዛ ስር ገባ። ዳኛው ሊመዘግቡ ብዕሩን አነሱ። ኮሎኔሉ በቃ አሸነፉ አልን።

"አይመዝገብ!" አሉ ኮሎኔሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ሙት አይመርጥም። ውጊያም አልነበረም፤ ጠላት የሚባል አላየንም። መንገድ ጠፍቶኝ፣ አላውቅም ለማለት አፍሬ፣ ረግረግ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ማረኝ፣ ኦቤድ።"

ጠብታው ቀጥ አለ። ዳኛው "ስካግስ" ብለው ተነሱ፤ ሰዉም አንድ ባንድ ሹልክ ብሎ ወጣ።

"እንግዲህ ይርገሙኝ፣ እትዬ ኬዚያ" አሉኝ ኮሎኔሉ።

አንጀቴ አርሮ ነበር። ልረግማቸው አፌን ከፈትኩና፣ ወይ እኔ! ጮክ ብዬ "ኮሎኔል ታኬት!" አልኩ። የሴት ድምፅ እንደማይቆጠር እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው ተንሰቀሰቁ።