ድልድዩ በላያችን ሲሻገር

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ የሰፈራችን የእግረኛ ድልድይ የራሱን ደረጃ ወርዶ በሰው ላይ ሲሻገር አየሁ። ሰዎቹ እኛ ነበርን። ከቀለበት መንገዱ ወዲህ ማዶ እስከ ወዲያ ማዶ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ ተገትረናል፤ ብረቱ ድልድይ ደግሞ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ሥራው ይጣደፋል። ደርሶ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይሄዳል። አንገት ረግጦ ሲያልፍ ይቅርታ እንኳ አይልም።

የሕልሙን ፍቺ ማንንም አልጠይቅም፤ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ሥራዬ የብረት ድልድይ መመርመር ነው። ባለፈው ሳምንት በዚያው ድልድይ ሥር መሰላል አቁሜ ስወጣ፣ ወፍራሙ አግዳሚ ቱቦላሬና በሰያፍ የመጣው ቀጭኑ ቱቦላሬ በተበየዱበት ጥግ ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። የጣት ያህል ትረዝማለች። ቱቦላሬ ከውጭ ሲያዩት ድፍን ብረት ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው አንዴ መሰንጠቅ ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ድልድዩ ይዘጋ አልኩ። አለቃዬ አቶ ሽመክት ግን ብንዘጋው ሕዝቡ አስፋልቱን እያቋረጠ በመኪና ያልቃል፣ ደግሞም የድልድዩ እድሳት የሚመረቅበት ቀን ተቆርጧል አሉኝ። ስለ መኪናው ያሉት እውነት ነበር። ለሚሰማኝ ሁሉ ተናገርኩ፤ የሰማችኝ ባለቤቴ ወይንሸት ብቻ ናት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአደባባዩ ዞራ ነው የምትሄደው፤ ማታ ማታ እግሯን እያሸች ትወቅሰኛለች።

በሕልሜ ታክሲዎቹ ሰው ለማግኘት ተሰልፈዋል። ወረፋው እስከ አደባባዩ ደርሷል። አንድ ሚኒባስ ሰልፍ ሊሰብር ሲል ሌሎቹ ሰደቡት፣ አንገቱንም ደፍቶ ወደ ኋላው ተመለሰ። ተሳፋሪዎቹ በበኩላቸው ጥግ ላይ ቆመው ጥርሳቸውን እየፋቁ፣ የትኛውን እንደሚመርጡ ያማርጣሉ። እኔም ላማርጥ ፈልጌ ነበር፤ ግን ትከሻዬ ላይ የሰው እጅ ስላለ መንቀሳቀስ አልቻልኩም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ቢሮ ገባሁ። ወንበሮቹ በሰው ላይ ተቀምጠው ስልክ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ኋላ ያ የተሰነጠቀው መጋጠሚያ ሄልሜት አድርጎ ተኮፍሷል። ሸሚዜን እንዳወልቅ አዘዘኝ፣ አወለቅኩ። በትንሽ መዶሻ የአንገቴን አጥንት እየመታ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ እኔ በብረት ላይ የማደርገውን ሁሉ አደረገብኝ። ቀዩን ፈሳሽ ረጨብኝ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ ነጩን ዱቄት ነፋበት፣ እግሩን አነባብሮ ይጠብቅ ጀመር። ስንጥቅ ካለ ቀዩ ከውስጥ ተመልሶ መስመር ሆኖ ይወጣል። አንገቴ ከትከሻዬ ጋር ከሚገጥምበት ላይ ቀይ መስመር ወጣ።

«ምን ተሸክመህ ነው?» አለኝ።

«ከባድ ነገር አልተሸከምኩም።»

«እኔስ መቼ ተሸከምኩ? አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዛ አለፈች። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ። ቀጥሎ ሌላ ሰው። አንዳቸውም አልከበዱኝም።»

ይሄን ለሱ መንገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ብረት በአንድ ትልቅ ጭነት ብቻ አይሰበርም፤ ሽቦን ወዲህና ወዲያ ስናጥፈው እንደሚበጠሰው፣ ትንሹ ነገር ሲመላለስበት ይሰበራል። ግን ተናጋሪው እሱ፣ ሸሚዙን አውልቆ የቆመው እኔ ሆንኩ። ተናደድኩና ሸክሙን ለምን ለዙሪያህ አታካፍለውም፣ ለምን አንድ ጥግ ላይ ታከማቸዋለህ ብዬ ወረድኩበት። ሳቀ። ሆዱ ባዶ ስለሆነ ሳቁ ቶሎ አላለቀም።

«ግድግዳዬ ስስ ነው» አለ። «መሐሉ ሲገፉት ይሰረጉዳል፣ ጥጉ ግን ጸንቶ ይቆማል። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ የጸናው ላይ ይመጣል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርተህ አታውቅም እንዴ?»

ሸሚዜን ሳልቆልፍ ስብሰባ ገባሁ። ቃለ ጉባኤው ከስብሰባው በፊት ተፈርሞ ተቀምጧል፤ ይሄ እንኳ የሕልም አይደለም፣ እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው። በአለቃው ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አቶ ሽመክት በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ኢንጂነር ወንድይፍራው፣ በእናትህ ድልድዩን ዝጋው» አሉ። «እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።»

አፌን ስከፍት የሳቸው ቃል ወጣ። ችግሩን እረዳለሁ፣ ግን ብንዘጋው ሕዝቡ አስፋልት ላይ ያልቃል፣ ቀንም ተቆርጧል አልኳቸው። ድምፄ ለስላሳ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ እምቢ ማለት ይሄን ያህል እንደሚያሳርፍ አላውቅም ነበር። አቶ ሽመክት እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ለስላሳ ይምጣ ብዬ አዘዝኩ።

ለስላሳው ሳይመጣ ተመልሼ መንገዱ ላይ ነኝ። ሰዎቹ እንደተያያዙ ናቸው፣ ድልድዩም መመላለሱን አላቆመም። መሐል ላይ፣ የመጋጠሚያው ቦታ ላይ ወይንሸት ቆማለች። የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች ናት፣ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከላይም የመጡ ሰዎች ሁሉ እጃቸውን የጣሉት እሷ ትከሻ ላይ ነው። ሌላ ትከሻ ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ ግን ዞር ዞር ይላል፣ የሷ አይነቃነቅም። ሰዎቹን አንድ በአንድ ለመንኳቸው። ሁሉም በትሕትና መለሱልኝ፤ እያንዳንዱ ያሳረፈው አንድ እጅ ብቻ መሆኑን አሳየኝ። ውሸት አልነበረም።

ደክሞሽ እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት።

«ሰውነቴ ደህና ነው፣ ወንዴ» አለች። «እዚህች ጋ ብቻ ናት።»

በጣቷ ከአንገቷ ሥር አሳየችኝ። ወደሷ ልሄድ ስል የኔም እጅ የማላውቀውን አንድ ሽማግሌ ደግፎ እንደያዘ አየሁ። ብለቀው አስፋልቱ ላይ ይወድቃል፣ ከታች መኪኖቹ ሞተራቸውን አስነስተዋል። ልለቀውም ልይዘውም አልቻልኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም። ድልድዩ ቦርሳውን አንግቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ እያፏጨ መጣና እግሩን አነሳ።

ስልክ ቀሰቀሰኝ። ነግቷል፣ ፀሐዩ አልጋዬ ላይ ደርሷል፣ ወይንሸት ወጥታለች። ደዋዩ አቶ ሽመክት ናቸው። ድምፃቸው ደስ ብሎታል። ያልኩትን ሲያስቡበት እንደከረሙ፣ ነገሩ ስላስጨነቃቸው ትናንት ከሥራ በኋላ ሠራተኞች እንደላኩና የስንጥቁ ጉዳይ እልባት እንዳገኘ ነገሩኝ። ተነስቼ ቁጭ አልኩ። አላፍርም፣ እንባዬ መጣ። ሰው መናገሩ ዋጋ አለው ማለት ነው ብዬ፣ ለካ ቅን ሰው ናቸው ብዬ በውስጤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ብረቱን በምን እንደቀየሩት ጠየቅኩ።

ምንም አልቀየሩም። ስንጥቁን በስቱኮ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ሁለቴ አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል።

«አሁን አንተ ራስህ ብትመጣ አታገኘውም» አሉ። «እስቲ መጥተህ ፈልገው፣ ከዚያ ስንጥቅ አልታየም ብለህ ትጽፍልኛለህ።»

ሌላ ጥሪ ሲገባ እሳቸውን ትቼ አነሳሁት። ወይንሸት ናት። ከኋላዋ ከበሮ ይመታል፣ ጭብጨባ አለ፣ ጩኸቱ ቃሏን ይውጠዋል።

«ወንዴ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ በመጨረሻ ሰሙህ!» አለች። «አንተ የተናገርክለት ቦታ እንዴት እንዳማረ ብታየው። ምረቃው ሊጀመር ነው፣ ክፍሌን በሙሉ ይዤ ድልድዩ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ቆይ ስማቸው፣ ልጆቹ እየዘለሉ ነው።»