አቶ ኤርካሎና እንቅልፍ ያጣው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ሰው አብሮት ይገባል። በመዋቅሩ ላይ የለም፣ የምደባ ደብዳቤም አልተጻፈለትም፤ ግን አለ። "እሱ ያውቃል" የሚባለው ሰው ነው። ማን እንዳስተማረው አይጠየቅም። ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር ይጠራል፤ ባይጠራም ይመጣል። መብራት ያልገባበት ቀበሌ አይቻለሁ፣ መንገድ ያልደረሰበት ወረዳም አይቻለሁ፤ ይህ ሰው የሌለበት ቢሮ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የእኛው ክቡር አቶ ኤርካሎ ነበሩ። ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው፤ ቢፒአር የሚባለው ነገር መጥቶ ኃላፊው ሁሉ በአንድ ጀንበር "የሥራ ሂደት ባለቤት" የተባለበት ጊዜ። እኔ ሶዶ ከተማ ውስጥ ስሙ ይቅርብን በምለው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። አቶ ኤርካሎ በወረቀት ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ በተግባር ግን የኮምፒውተሮቻችን ሐኪም፣ ዳኛና ንስሐ ተቀባይ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ሥልጣን ምንጭ አዋሳ ሄደው የወሰዱት የዐሥር ቀን ሥልጠና ነው። የምስክር ወረቀቱ በላስቲክ ታሽጎ ከወንበራቸው በላይ ተሰቅሏል። ከዐሥሩ ቀን አራቱን በወባ ተኝተው እንዳሳለፉ ወረቀቱ አይናገርም።

"ይሄ እኮ የታወቀ ችግር ነው!" ይላሉ፣ ገና ከበር ሳያልፉ። ችግሩን አይተውት አያውቁም፤ ግን የታወቀ ነው። "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ የለም፤ በወላይትኛም በአማርኛም። አማርኛቸው እንደ ብዙዎቻችን የቢሮ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም "እሱ" ብለው ይገላገላሉ።

አንድ ጊዜ ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር ፈታተው ሲገጥሙ ስድስት ብሎን ተረፈ። ሁላችንም ከበን ብሎኖቹን እናያለን። እሳቸው ምንም አልደነገጡም። "ትርፍ ነው" አሉ፣ አንድ በአንድ ወደ ኪሳቸው እየጨመሩ፤ "ፋብሪካው ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚያስረው።" ፕሪንተሩ ከዚያ በኋላ ወረቀት መብላቱን ተወ። ማተሙንም አብሮ ተወ።

ሌላ ጊዜ ፍላሾቻችን ቫይረስ ገባባቸው። አቶ ኤርካሎ አሰልፈው ሰበሰቧቸውና ግቢው ውስጥ እንደ በቆሎ ሰሌን ላይ አሰጧቸው። "ቫይረስ ሙቀት አይችልም።" የጥበቃ ሠራተኛችን ቶማ ዶሮ እንዳይለቅማቸው በትር ይዞ ሲጠብቅ ዋለ። ማታ ላይ ፍላሾቹ ሞቀው፣ ቫይረሱም አብሮ ሞቆት በደህና ተመለሱልን።

በእኔ ላይ የደረሰው ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ከ2001 ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ "ኮምፒውተርህን ላጽዳልህ" ብለው ገቡና የሦስት ወር ልፋቴን፣ የዓመቱን ዕቅድ፣ ሙልጭ አድርገው አጸዱት። "ጋሼ፣ ዕቅዱ ጠፋ እኮ!" ብዬ ስጮህ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። "ሚልኪ፣ አልጠፋም፤ ቦታ ቀይሮ ነው።" ወዴት እንደተዛወረ የነገረኝ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ምኞት በሆዴ ይዤ ዞርኩ፦ እኚህ ሰው አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "አላወቅኩም" ሲሉ ማየት።

አቶ ኤርካሎ እሑድ ቸርች ስለ ሰይጣን ይሰማሉ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያውቁት ጠላት ግን አቧራ ነው። ወደ ኮምፒውተር ክፍል በጫማ አይገባም። የሥራ ሂደቱ ባለቤት አቶ ደገፉ እንኳ በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ የግራ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ እንዳለው ያወቅነው በዚህ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ፣ አቶ ኤርካሎ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ከከድር ሱቅ ክር እየመረጡ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ለየኮምፒውተሩ አለበሱ። አንድ ለስክሪኑ፣ አንድ ለሲፒዩው፣ ትልቁ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይነጠፋል፤ ዘርፉ እስከ ጉልበት ይወርዳል። እውነት ለመናገር ሥራው ያምራል። የጸሐፊያችን የአሳየሽ ኮምፒውተር ሙሽራ ይመስል ነበር።

ያ ኮምፒውተር አዲስ ነው። ማውሱ እንደ ድሮዎቹ ኳስ የለውም፤ ከሆዱ ሥር ቀይ መብራት ይበራል። አቶ ኤርካሎ ወዲያው ሕግ አወጡለት፦ ለምሳ ሲወጣ አይጠፋም። "ማጥፋት፣ ማብራት ዕድሜውን ይበላል። ማስተኛት ነው። እሱም እንደ ሰው ምሳ ላይ ትንሽ ይተኛ።"

ችግሩ አልተኛም ማለቱ ነው። አሳየሽ አስተኝታው፣ ክፍሉን ቆልፋ ቤቷ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ስክሪኑ ቦግ ብሎ በዳንቴሉ ቀዳዳ ያያታል።

"ጋሽ ኤርካሎ፣ ይሄ ነገር ብቻውን ይነቃል" አለች።

አቶ ኤርካሎ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሲፒዩው ላይ ለጠፉና አዳመጡ። "የታወቀ ችግር ነው። ሞቆት ነው።" ጠረጴዛውን ጎትተው መስኮት ሥር አስጠጉት፤ መስኮቱም ፍርግርግ ስላለው ሌባ አያሰጋም ብለው ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ወዲያ በአንድ ምሳ ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ይነቃ ጀመር። ቶማ በመስኮት አይቶ እየሮጠ መጣ። "ሰው የለም፤ እሱ በራ! በጌታ፣ ይሄ ነገር መንፈስ አለበት፣ ይጸለይለት" አለ። "አካይ!" ብለው ተቆጡ አቶ ኤርካሎ፣ በቋንቋችን አይደለም ማለታቸው ነው፤ "አዋሳ ላይ መንፈስ የሚባል ትምህርት አልሰጡንም።"

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል። አቶ ደገፉ ግን ለምሳ ሲወጡ በዚያ መስኮት አጠገብ ያልፉ ነበር። ሦስት ቀን ተከታትለው የበራ ስክሪን አዩ፤ በአራተኛው ቀን ባለሙያውን አስጠሩ።

"ኮምፒውተር ሰው ሳይነካው ይነቃል?"

አቶ ኤርካሎ አንድ አፍታ እንኳ አላሰቡም። "በፍጹም። ሰው ካልነካው አይነቃም።"

የክፍሉ ቁልፍ ያለው በአሳየሽ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አሳየሽ በምሳ ሰዓት በመንግሥት ኮምፒውተር የውጭ ሰው ጽሑፍ በገንዘብ ትጽፋለች ተባለ። በዚያ ዘመን ለዚህ የተዘጋጀ ስም ነበር፤ ኪራይ ሰብሳቢነት ይባላል፣ አንዴ ከተለጠፈ አይለቅም። ለዓርብ ግምገማ ተጠራ። ከግምገማው በፊት ውሳኔው ተሰማ፦ ከከተማው ራቅ ወዳለችው ወደ ሃላሌ ትዛወራለች።

አሳየሽ ይህን የሰማች ረቡዕ ሻይ ሰዓት ላይ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "እናቴን ማን ያገላብጥልኛል?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። እናቷ ከአልጋ ከቀሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። በምሳ ሰዓት የምትሮጠው እሳቸውን አብልታ፣ ጎናቸውን አዙራ ለመመለስ ነበር። አቶ ኤርካሎ ከፊት ለፊቷ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅለው እየበሉ ነበር። ያነሱትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱት።

ሐሙስ ወደ ክፍሌ መጡ። "ሚልኪ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትቆይልኛለህ? ሁለት ዓይን አይበቃም።"

አሳየሽ ኮምፒውተሩን አስተኝታ፣ በእኛ ላይ ቆልፋ ሄደች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ የልጆች አባቶች፣ በካልሲ መሬት ላይ ተቀምጠን የማሽን እንቅልፍ ጠበቅን። ጉሮሮዬን ስጠርግ አቶ ኤርካሎ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። "ቀስ! ይነቃል።" ሩብ ሰዓት ያህል ትንፋሻችንን ዋጥን።

ከዚያ ከዳሞታ ተራራ በኩል ንፋስ መጣ። የዳንቴሉ ዘርፍ ተነሣ፣ ተወዛወዘ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ጎተት አደረገው። ከላዩ የተቀመጠው ማውስ አብሮ ሸርተት አለ። ቀዩ መብራት ደመቀ፤ ሲፒዩው አጉረመረመ፤ ስክሪኑ ቦግ አለ።

አቶ ኤርካሎ ተነሥተው መልሰው አስተኙትና ዘርፉን በእጃቸው ያዙት። ንፋሱ መጣ፤ አልነቃም። ለቀቁት። ነቃ። የታወቀ ችግር ነው እስኪሉ በከንቱ ጠበቅኩ። የሽታዬን ሥራ በጣቶቻቸው መሀል እንደያዙ አሳየሽ መጥታ እስክትከፍትልን ቆሙ። ከዚያ የጫማቸውን ክር እንኳ ሳያስሩ ወጡ።

እኔስ? ደስታዬን አልደብቅም። ከሰዓት በኋላ ዕቅድ አልሠራሁም፤ ንግግር ነው ያዘጋጀሁት። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ ዳንቴሉን ቀስ ብለው አንሥተው ዝም ይላሉ። ያኔ እኔ እነሣለሁ። ሕጉን ማን እንዳወጣ፣ ጠረጴዛውን ማን እንደጎተተ፣ "በፍጹም" ያለው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። አሳየሽም በዚያው ትድናለች። መጀመሪያ የመጣችልኝ እሷ እንዳልነበረች ግን ልሸሽገው አልችልም።

ዓርብ ተሰበሰብን። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አቶ ደገፉ ክሱን አቀረቡና "ባለሙያው ራሱ አረጋግጦልናል" ብለው ደመደሙ። አሳየሽ ዓይኖቿን ከወለሉ አላነሣችም። እጄን ላወጣ ስል አቶ ኤርካሎ ብድግ አሉ።

"ግለሂስ አለኝ።"

በእኛ ግምገማ ግለሂስ ማለት "ሥራ አበዛለሁ፣ ለጤናዬ አላስብም" የሚባልበት ነው። አቶ ደገፉ በእጃቸው ቀጥል አሉ። አቶ ኤርካሎ ግን ንግግር አልጀመሩም፤ "ሁላችሁም ኑ" ብለው ወጡ። ኮምፒውተሩን አስተኝተው ክፍሉን በእኛ ፊት አስቆለፉ፤ ከዚያ ውጭ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት አቆሙን።

ንፋስ የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ዐሥራ አንድ ሰው የተኛ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠናል። አቶ ደገፉ ሰዓታቸውን አዩ፤ አንዱ አዛጋ። የአቶ ኤርካሎ ግንባር በላብ ተጠመቀ። ቶማ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ምን እንደጸለየ አልጠየቅኩትም። በመጨረሻ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ሿ አለ። ዘርፉ ተነሣ። ማንም በሌለበት በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ቦግ አለ።

"አያችሁ?" አሉ አቶ ኤርካሎ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። "ሰው ካልነካው አይነቃም ብዬ ነበር። ሲጠይቁኝ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ዳንቴሉን ያመጣሁ እኔ ነኝ። መስኮት ሥር ያደረግሁ እኔ ነኝ። አይጠፋም ያልኩ እኔ ነኝ። አሳየሽ ምንም የለበትም። እሱ ምሳ ሰዓት ላይ እናቱን ነው የሚያበላው።"

ማንም አልሳቀም። ስድስት ዓመት የተመኘሁት ነገር፣ ልክ እንደተመኘሁት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሆነ፤ ደስ ግን አላለኝም። ሰውየው እዚያ ፀሐይ ላይ ቆመው ሳያቸው ልቤ ተነካ። አፈርኩም፤ ኪሴ ውስጥ ያለውን የንግግር ወረቀት በጣቴ ጨምድጄ ያዝኩት።

ወደ ስብሰባው ስንመለስ አቶ ደገፉ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ክሱ ተነሥቷል፣ ዝውውርም የለም አሉ። አሳየሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የኮምፒውተሩ ችግር በአቶ ኤርካሎ ክትትል ተደርሶበት መፍትሔ አግኝቷል።" ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አቶ ኤርካሎ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዬ በኩል አነበቡት።

"ሚልኪ፣ ይሄ ልክ አይደለም።"

"ጋሼ፣ ይበቃል። ሁሉም ሰምቷል እኮ።"

"የዛሬው ሰው ነው የሰማው። ነገ ሌላ ኃላፊ ይመጣል፣ ፋይሉን ያነባል። ችግር ነበር ይላል። ቁልፉ በማን እጅ ነበር ይላል። አሳየሽ ይባላል።" ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። "የኔን ስም ጻፍ። ኤርካሎ ሳያውቅ አውቃለሁ ስላለ ነው በል።"

"እንደዚሁ ልጻፈው?"

"እንደዚሁ።"

ሰረዝኩትና እንደዚሁ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከሁላችን ቀድመው ፈረሙ። ብዕሩን ሲመልሱልኝ፣ ለአባቴ እንደማደርገው ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።