የወርቁ ፔጆና የጋሼ ሷሊሕ አምስት ደቂቃ

በየትኛውም ከተማ፣ መብራት ይኑረው አይኑረው፣ «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። የተበላሸ ነገር ቤታችሁ ካለ ሳትነግሩት ይሰማል። «እስቲ አምጣው» ይላል፤ ሳትሰጡት ይዞታል፤ ሳትቀመጡ ፈቶታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዕቃችሁ የለም። ያለው ብሎን ነው።

የሸዋ ሮቢቱ ጋሼ ሷሊሕ ይባላሉ። ገበያው ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ፋኖስና ሬዲዮ የሚጠግኑባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ዘመኑ ሁሉም ሰው ጓድ የሚባልበት ስለነበር የሰፈሩ ወጣት «ጓድ መሐንዲስ» ይላቸዋል። እሳቸውም ኮራ ብለው «አቤት» ይላሉ።

የሚስታቸውን የሙሚናን የስፌት መኪና ያደሱ ጊዜ መኪናው ወደ ኋላ ብቻ መስፋት ጀመረ። «ምን ችግር አለው፣ ጨርቁን አዙረሽ ያዢዋ!» አሏት። የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ የነካኩ ቀን ደግሞ ሊቀመንበሩ ሕዝቡን ስብሰባ ሲጠሩ ድምፃቸው እንደ ጥጃ ሆኖ ወጣ። ጋሼ ሷሊሕ ለዚህ ሁለት ቀን ቀበሌ ታሰሩ። ሲፈቱ የዘበኛውን ፋኖስ ፈተው ነበር። ሥራ ጨርሰው ብሎን ከተረፈ ደግሞ አይደነግጡም። «ፋብሪካ አብዝቶ ነው የሚልከው» ይሉና ጣሳ ውስጥ ይወረውሩታል።

ወርቁ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ሰው የሚያመላልስባት ነጭ ፔጆ አለችው። ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ሬዲዮ አላት። ካሴት አይገባበትም፤ ግን ድምፁ ጥርት ያለ ስለሆነ ተሳፋሪው ሌላ መኪና አሳልፎ የእሱን ይጠብቃል። ጋሼ ሷሊሕ በዚያ በኩል ሲያልፉ ወርቁ መስኮቱን ይዘጋ ነበር።

ታዲያ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ማሽላ በሚቆረጥበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ራሱ በእግሩ ሄዶ በራቸው ላይ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ደስታ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ደብዳቤ ይልካል። እናታቸው እትዬ ትርንጎ ግን፣ «ወረቀት ማንም ይጽፋል። ልጄ ሞቷል፣ እናንተ ደብቃችሁኛል። ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም» ብለው ሙጭጭ አሉ። ወርቁ ይህንኑ ጽፎ ላከለት። ደስታም ድምፁን በካሴት ቀርጾ በፈቃድ በመጣ ጓደኛው እጅ ላከ። ቤተሰቡ ሁሉ ፈነጠዘ። ካሴቱ እጃቸው ከገባ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላቸው። እትዬ ትርንጎ አይሰሙም። ጆሯቸው ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው።

የሰው ቴፕ ተውሰው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሞከሩ። «ይሄ ትንኝ ነው» አሉ እትዬ ትርንጎ። «በቃ፣ እሁድ ድንኳን ይተከልልኝ። ለልጄ ለቅሶ እቀመጣለሁ።»

በቁሙ ላለ ልጅ! ወርቁ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አንድ ነገር መጣለት። አምና እናቱን ደብረ ሲና ጤና ጣቢያ ሲወስዳቸው ደክሟቸው ራሳቸውን መኪናው በር ላይ፣ ድምፅ ማውጫው ያለበት ቆርቆሮ ላይ ደገፍ አድርገው ነበር። ድንገት ቀና ብለው «ማነው የሚዘፍነው?» አሉ። ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ በአጥንታቸው አሰምቷቸው ነው።

«ጋሼ ሷሊሕ» አለ ወርቁ፣ «የካሴት ድምፅ በመኪና ሬዲዮ በኩል ማውጣት ይቻላል?»

ዓይናቸው በራ። «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«እሱን እንዳይሉኝ ነበር የፈራሁት።»

ሙሚና ከጓዳ ሰማች። «ወርቁዬ፣ መኪናህን ይዘህ ሽሽ! እኔ ያረጀሁት የእሳቸውን አምስት ደቂቃ ስጠብቅ ነው!»

ሬዲዮው ከዳሽቦርዱ ተነቀለ። ጋሼ ሷሊሕ ክዳኑን ከፍተው ጣታቸውን የድምፅ መጨመሪያው ጀርባ ላይ አሳረፉ። «አየህ፣ ከአየር የያዘውን ድምፅ እዚህ ያመጣዋል። ከዚህ ወዲያ ያለው ጉልበቱ ነው፤ የመጣለትን ያጎላል፣ ማን አመጣው ብሎ አይጠይቅም። እኛም ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሽቦ ጎትተን በዚሁ በር እንገባለን።» ሽቦውን የሚያጣብቁበት ብረት በከሰል ነው የሚግለው። የሙሚና ወጥ ከምድጃው ወርዶ የጋሼ ሷሊሕ ብረት ተጣደ።

ዓርብ ከሰዓት አለቀ። እትዬ ትርንጎ መጥተው ጆሮ ግንዳቸውን መኪናው በር ላይ ለጠፉ። ካሴቱ ተከፈተ። ድምፁ ገበያው ድረስ ተሰማ።

«...እማ... የጥጥ ለቀማው ዘመቻ... ደህና ነ... ሦስት ሺህ ኩንታል... ናፍቄሽ... ከዕቅድ በላይ ተሳክቷል!»

ሬዲዮው የራሱን ወሬ አላቆመም። ዜና አንባቢውና ደስታ በአንድ አፍ እየተናገሩ ነበር፤ ዜና አንባቢው ደግሞ ጉልበተኛ ነው።

እትዬ ትርንጎ ቀና አሉ። «ይሄ የእኔ ልጅ ነው? የእኔ ልጅ እንዲህ ይንቆረቆራል? ሰው ቀጥራችሁ አስቀረጻችሁ አይደል! እኔን!» ነጠላቸውን እየጎተቱ ድንኳኑን ለማስቸኮል ወደ ዕድሩ ሄዱ።

ወርቁ ደሙ ፈላ። «ትናንት የተጠራጠሩትን ዛሬ አረጋገጡላቸው እኮ! ከዚህ በላይ ምን ያበላሹ ጋሼ?»

ጋሼ ሷሊሕ አልተቆጡም። ሬዲዮውን እንደገና ታቅፈው ብዙ አዩት። «ሁለቱም በአንድ በር ገብተው ነው። ከአየር የሚመጣውን መቁረጥ አለብን።»

«ቆርጠው መልሰው ይቀጥሉታል?»

ጋሼ ሷሊሕ መፍቻውን አስቀመጡ። ወርቁ እኚህን ሰው ካወቀ ጀምሮ ሥራ ሳይጨርሱ መፍቻ ሲያስቀምጡ አይቶ አያውቅም።

«ወላሂ፣ እውነቱን ልንገርህ» አሉ ቀስ ብለው። «መቁረጡን አውቃለሁ። መመለሱን አላውቅም። ሬዲዮህ እስከ ወዲያኛው ሊዘጋ ይችላል። ንብረቱ ያንተ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ሲያልፉ ወርቁ አየ።

«ይቁረጡት» አለ።

ቅዳሜን ሙሉ ጋሼ ሷሊሕ ከበርጩማቸው አልተነሱም። የሸዋ ሮቢት ቀትር ብረት ያቀልጣል፤ እሳቸው ደግሞ ከሰል አጠገብ ነበሩ። ሽቦውን ሦስት ጊዜ አጣበቁት፤ ሦስት ጊዜ ለቀቀ። አውራ ጣታቸው ተቃጠለ፤ በምራቃቸው አርሰው ቀጠሉ። ሙሚና ምግብ አምጥታ አስቀመጠች፤ መልሳ ወሰደች። ወርቁ «ይብቃዎት፣ ይተዉት» ሲላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አንተ ከፈለግህ ሂድና ተኛ። የሰው ልጅ በቁሙ አይለቀስለትም» አሉት። በአራተኛው «ቢስሚላህ» ብለው አጣበቁ። ያዘ።

እሁድ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየገቡ ነው። ወርቁ ፔጆዋን እስከ ድንኳኑ አፍ ነድቶ ሞተሩን አጠፋ። እናቱ ዞር ብለውም አላዩት። «አንዴ አታለላችሁኝ፤ ይበቃል።»

ጋሼ ሷሊሕ ብዙ አላስረዱም፤ ቢያስረዱስ ማን ይሰማቸዋል። ቴፑን ከፍተው የእትዬ ትርንጎን እጅ ያዙና መኪናው በር ላይ አስቀመጡት። ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ ነበር። እትዬ ትርንጎ እጃቸውን አዩ፤ ጋሼ ሷሊሕን አዩ፤ ጎንበስ አሉና ጆሮ ግንዳቸውን ለጠፉ።

«እ... እ... እ...» አለ መኪናው።

ሰዉ ተያየ። አንዱ ከኋላ «በለው! ጓድ መሐንዲስ ደግሞ አበላሹት» አለ። የጋሼ ሷሊሕ እጅ ወደ ቴፑ ሄደ።

«ተወው! እንዳትነካው!» ብለው ጮኹ እትዬ ትርንጎ።

ደስታ ከልጅነቱ አፉ ይያዛል። ስሜት ሲይዘው ይብስበታል። ይህንን ወረቀት አይጽፈውም፤ ተቀጥሮም የሚያወጣው የለም።

«እ... እ... እማዬ። ደህና ነኝ። አ... አ... አታልቅሺ።»

እትዬ ትርንጎ የመኪናውን በር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ቀስ በል! ቀስ በል የኔ ጌታ! ማን ያባርርሃል!»

ካሴቱን አምስት ጊዜ አሰሟቸው። ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ በእልልታ ተበላ።

የፔጆዋ ሬዲዮ ግን ከዚያ ወዲህ ዜና አልተናገረም። ያለ ካሴት ድዳ ነው። አንድ ቀን የአርማንያን ዳገት ሲወጡ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ፣ «ይችን ሬዲዮ ያ እጁ የማያርፍ ሷሊሕ ነው አይደል የገደላት?» አለ።

ወርቁ መኪናዋን ዳር አስያዛት። «ውረድ።»

«ኧረ ቀልዴን ነው!»

«እየሄድክ ቀልድ።»

ሰውየው ወርዶ አቧራውን ሲያራግፍ ቀረ።

የወርቁ የራሱ የግድግዳ ሰዓት ደግሞ ይኸው ስድስት ወሩ፣ ጋሼ ሷሊሕ ሱቅ ተበታትኖ ተቀምጧል። ከሥራ ሲመለስ ጎራ ይልና በርጩማ ስቦ «እንዴት ሆነ?» ይላቸዋል። «ነገ ነው» ይሉታል። እሱም ደስ ብሎት ተቀምጦ ያወራል። ሰዓቱ እኮ ሲወስድላቸው ደህና ይሠራ ነበር።